ከሐና ማርያም ወደ ቢሾፍቱ በሆቴል አውቶቡስ

በሐና ማርያም የምንኖር ሰዎች ከሰፈራችን ለመውጣት ባሰብን ጊዜ አስቀድመን የምንጨነቀው ስለምንሄድበት ቦታ ሳይሆን ስለምንሄድበት መኪና ነው። ሰፈራችን በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ይገኛል፤ ስሙንም የወረሰው ከደብሩ ነው። ጧት ጧት የቅዳሴው ዜማ በድምፅ ማጉያ እየተሰማ ሠራተኛውና ተማሪው በታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ይታያል። የመሥሪያ ቤት ሰርቪስ ያለው ሰው ግን ሰልፍ ሳይዝ በመንገዱ ዳር ቆም ይላል፤ መኪናውም መጥቶ ያነሣዋል። እንዲህ ያለውን ጎረቤታችንን እያየን ብዙ ጊዜ መቅናታችንን አንሸሽግም።

ስለዚህ ባለፈው ጥር ታናሽ እኅታችን ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር ከካሊፎርኒያ መጥታ፣ «ቦሌ ያረፍንበት ሆቴል ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቢሾፍቱ፣ ወደ ኩሪፍቱ ዋተር ፓርክ የሚሄድ አውቶቡስ አለው፤ እናንተም ኑና አብረን እንሂድ» ባለችን ጊዜ ደስታችን ከልጆቻችን ደስታ የሚያንስ አልነበረም። ልጆቹ በ2012 ዓ.ም. የተከፈተውን የአንድነት ፓርክንም፣ በ2013 ዓ.ም. የተከፈተውን የእንጦጦ ፓርክንም ቀደም ብለው አይተዋል፤ አሁን የሚመኙት ውሃ ነበር።

ከልጆቹ ይልቅ ግን ያሰብነው ለእናታችን ነው። እናታችን ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ከቤተ ክርስቲያን አልፈው መሄድ ከተዉ ቆይተዋል። በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋር ከለገሃር በባቡር ተሳፍረው ደብረ ዘይት ወርደው ነበርና፣ «ያን ሐይቅ ሳልሞት አንድ ጊዜ ደግሜ ባየው» ሲሉ ለብዙ ዘመን ሰምተናቸዋል። ያ የጥንቱ ባቡር ዛሬ የለም። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያው ከእኛ ሰፈር እምብዛም በማይርቀው በለቡ ነው፤ ሆኖም የእርሱ መንገድ ወደ ድሬዳዋና ወደ ጅቡቲ የሚያቀና ረጅም መንገድ ስለሆነ፣ ጧት ሄዶ ማታ ለመመለስ ለሚያስብ ቤተ ሰብ የሚመች ሆኖ አላገኘነውም። እንግዲህ ለእናታችን ጉልበት የሚስማማው ከደጃፍ አንሥቶ በደጃፍ የሚያወርድ መኪና ነው ብለን ቈረጥን።

በሆቴል መኪና ወደ መጫወቻ ሥፍራ መሄድ ለእኛ አዲስ ይምሰል እንጂ በእኅታችን አገር የቆየ ልማድ ነው። በካሊፎርኒያ፣ አናሃይም በምትባለው ከተማ፣ ዲዝኒላንድ የተከፈተው በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 10 ቀን 1947 ዓ.ም. ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ በአጠገቡ አንድ ሆቴል ተከፈተና እንግዶቹ በሁለቱ መካከል በሚመላለስ ተጎታች መኪና ይወሰዱ ጀመር፤ በ1953 ዓ.ም. ደግሞ በአንድ ሐዲድ ብቻ የሚሄድ ባቡር እስከ ሆቴሉ ድረስ ተዘረጋ። በፍሎሪዳ ግዛት በ1964 ዓ.ም. የተከፈተው ዋልት ዲዝኒ ወርልድ ስፋቱ የከተማ ያህል ስለሆነ፣ በግቢው ያሉት የዲዝኒ ሆቴሎች እንግዶቻቸውን ወደ ልዩ ልዩ መጫወቻዎች የሚያደርሱት በአውቶቡስ ነው፤ ለዚህም ለብቻው ዋጋ አይጠየቅም። ዋጋው በአልጋው ዋጋ ውስጥ መግባቱን ግን አስተዋይ ሰው ያውቃል። በነጻ የተሰጠውም ነገር ሁልጊዜ አይዘልቅም፤ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ እንግዳውን ከአውሮፕላን ማረፊያ ወደ እነዚሁ ሆቴሎች ያለ ክፍያ ያመላልስ የነበረው አውቶቡስ በ2014 ዓ.ም. ቀርቶአል፤ ከዚያ ወዲህ የሚመጣው ቤተ ሰብ ይህንኑ መንገድ በገዛ ገንዘቡ ይሄዳል።

እኅታችን እንደ ነገረችን፣ እዚያ አገር ልጆች ያሉት ሰው ሆቴል ሲይዝ ከአልጋው ይልቅ ስለ አውቶቡሱ አጥብቆ ይጠይቃል። በስንት ሰዓት ይነሣል? የመጨረሻው መኪና የሚመለሰው መቼ ነው? የመግቢያው ዋጋ ለብቻው ነውን? ሕፃን ልጅ የሚቀመጥበት ወንበር አለውን? እርሷም ይህን ሁሉ ለቦሌው ሆቴል አቅርባ ነበር፤ አውቶቡሱ ከጧቱ በሁለት ሰዓት ተኩል እንደሚነሣ፣ በአሥር ሰዓት እንደሚመለስ፣ መግቢያው ለብቻው እንደሚከፈል ተነግሮአታል። ሳትጠይቅ የቀረችው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

በዚያች ቅዳሜ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ከቤት ወጣን። እኛ፣ ሁለት ልጆቻችንና እናታችን በድምሩ አምስት ነን። እናታችን ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ በዋዜማው ያስጋገሩትን ድፎ ዳቦ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ይዘዋል። እስከ ሳሪስ በአንድ ታክሲ፣ ከዚያም በሌላ ታክሲ ሄደን ቦሌ ስንደርስ ሁለት ሰዓት ሆነ። የሚያስቀው ነገር ይህ ነው፤ ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ በደቡብ ምሥራቅ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። እኛ ግን ከደቡብ ዳርቻ ተነሥተን ወደ ሰሜን ወጣን፤ አውቶቡሱ ደግሞ በቀለበት መንገድ ዞሮ በቃሊቲ በኩል፣ ከሐና ማርያም አጠገብ ሊያሳልፈን ነው! እኅታችን በዋዜማው ስልክ ደውላ መኪናው ቃሊቲ ላይ ሰው ያነሣ እንደሆነ ጠይቃ ነበር፤ የተሰጣትም መልስ «አውቶቡሱ በመንገድ ላይ አይቆምም» የሚል ነው። በዚህ መልስ የቀረውንም መጠርጠር ይገባን ነበር።

ኮስተሩ ታጥቦ በሆቴሉ ደጃፍ ቆሞአል። የእንግዶቹን ስም በወረቀት የያዘ ወጣት የእኅታችንን ቤተ ሰብ አራት ብሎ ከቈጠረ በኋላ ወደ እኛ ተመልክቶ፣ «ይቅርታ አድርጉልን፤ መኪናው በሆቴሉ ለተመዘገቡ እንግዶች ብቻ ነው» አለን። እኅታችን ዋጋችንን ልትከፍል ቦርሳዋን ከፈተች። ሾፌሩ፣ በዕድሜ ጠና ያለ ሰው ነበር፣ ከመሪው ወርዶ፣ «የገንዘብ ነገር አይደለም እኅቴ፤ ኢንሹራንሱ የሚይዘው ስሙ በዚህ ወረቀት ላይ ያለውን ሰው ነው። በመንገድ አንድ ነገር ቢደርስ ተጠያቂው እኔ ነኝ» አላት። የተናገረው ሐሰት አልነበረም፤ ነገር ግን እውነት መሆኑ ኀፍረታችንን አላቀለለልንም። የውጭ አገር እንግዶች ከመስኮቱ ያዩናል፤ ልጆቹ በአንድ ወንበር አብረው ለመቀመጥ ተመራርጠው እጅ ለእጅ እንደ ተያያዙ ናቸው። እኅታችን እንባዋ መጣና፣ «ከስድስት ዓመት በኋላ መጥቼ ከእናቴ ጋር በአንድ መኪና ካልሄድሁ እኔም አልሄድም» አለች።

ነገሩን የፈቱት እናታችን ናቸው። «ልጆችሽን አሳፍሪ እንጂ! የተከፈለበትን ነገር ለምን ትተዪዋለሽ? እኛ በሕዝብ መኪና እንመጣለን። ሐይቁ እንደሆነ የትም አይሄድም» አሏትና ክንዷን ይዘው እስከ መኪናው በር አደረሷት።

እኛም ወደ መጣንበት ወደ ደቡብ ተመልሰን ቃሊቲ መናኸሪያ ደረስን። የሕዝብ መኪና ካልሞላ አይነሣምና ሠላሳ ደቂቃ ያህል ተቀምጠን ጠበቅን። የሆቴሉ አውቶቡስ በዚህ ጊዜ ከቱሉ ዲምቱ ጀምሮ በሚሄደው፣ በ2007 ዓ.ም. በተከፈተው የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ ሳይሆን አልቀረም፤ በዚያ መንገድ ቀረጥ ከፍሎ የሚሄድ መኪና የሚያግደው ነገር የለም። የእኛ መኪና ግን በአሮጌው መንገድ በአቃቂ፣ በገላንና በዱከም በኩል ሰው እያወረደና እየጫነ አዘገመ። በዱከም ቅዳሜን ጠብቀው ለጥሬ ሥጋ የሚመጡ የአዲስ አበባ ሰዎች ገና በማለዳው መኪናቸውን በየልኳንዳው ደጃፍ ደርድረዋል።

ነገር ግን በእውነት እንናገር ካልን፣ በዚህ መኪና የሆቴሉ የማይሰጠንን አንድ ነገር አግኝተናል። ረዳቱ እናታችንን ገና ሲያያቸው፣ «እናቴ፣ እርስዎ ጋቢና ይግቡ» ብሎ አንዱን ወጣት አስነሥቶ ከሾፌሩ አጠገብ አስቀመጣቸው። ከዱከም ወዲያ ሜዳው ሲገለጥ የረር በግራ፣ ዝቋላ በቀኝ ታየ። እናታችን ወደ ዝቋላ ፊታቸውን መልሰው አማተቡና አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን በስማቸው ጠሩ፤ ሾፌሩም ባርኔጣውን አነሣ። ከኋላ የነበርነው ግን በሰው ትከሻ መካከል የየረርን ጫፍ ብቻ አየን።

ከቢሾፍቱ ከተማ በባጃጅ ወደ ኩሪፍቱ ስንደርስ አምስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። እኅታችን አንድ ሰዓት ሙሉ ልጆቿን ይዛ በደጃፍ ቆማ አገኘናት። ሳንመጣ አንገባም ብለው ነበር።

ስለ መጫወቻው ብዙ አንናገርም፤ ልጆች ያሉት ሰው ያውቀዋል። ከከፍታ ወደ ውሃ የሚወርዱ መንሸራተቻዎች አሉ፤ በማሽን ኀይል ማዕበል የሚነሣበት ገንዳም አለ። የካሊፎርኒያዎቹ ልጆች የባሕር ማዕበል ያዩ ናቸውና አልፈሩም፤ የሐና ማርያሞቹ ግን በመጀመሪያው ማዕበል ጮኸው ከሸሹ በኋላ በሁለተኛው ተመለሱ፤ ከዚያ ወዲያ ማውጣት አልተቻለም።

እናታችንን ግን ወደዚያ ጩኸት አላስገባናቸውም። ልጆቹን ለአባቶቻቸው ትተን ከእኅታችን ጋር ሆነን በባጃጅ ወደ ቢሾፍቱ ሐይቅ ወሰድናቸው። በዚህች ከተማና በዙሪያዋ ብዙ ሐይቆች አሉ፤ ከእነርሱም ቢሾፍቱ፣ ሆራና ባቦጋያ የተባሉት በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በቈፈረው ጕድጓድ ውስጥ ውሃ ተጠራቅሞ የተፈጠሩ ናቸው። የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ይበልጣል፤ ከአፋፉ ላይ የቆመ ሰው ውሃውን ከእግሩ በታች አርቆ ያየዋል። እናታችን በድንጋይ ላይ ተቀምጠው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። በመጨረሻም፣ «አባቴ እጄን ይዞኝ ሳየው ውሃው እዚህ ቅርብ ነበር የመሰለኝ። ውሃው ወረደ ወይስ እኔ አደግሁ?» አሉ። እኅታችን ሳቀች፤ እጃቸውንም ያዘች። ድፎ ዳቦው የተቈረሰው በዚያ ነው።

አሥር ሰዓት ግን የማንንም ጨዋታ አይጠብቅም። የሆቴል አውቶቡስ ጭንቀቱ በመሄጃው ሳይሆን በመመለሻው ነው፤ በሕዝብ መኪና የመጣ ሰው ልጆቹ እስኪጠግቡ ይቆያል፣ በሆቴል መኪና የመጣው ግን ሰዓቱን እያየ ይጫወታል። የእኅታችን ልጆች ፀጕራቸው ሳይደርቅ ተጠርተው ወጡ፤ የእኛዎቹም አብረው ወጡ። ሾፌሩ ሰዎቹን ቈጠረ፤ ሁለት ጐደሉ። ባልና ሚስት የሆኑ እንግዶች ቢሾፍቱ ለማደር ወስነው ቀርተዋል። ሾፌሩ ወረቀቱን ጥቂት ካየ በኋላ ስልክ ደወለ፤ ፈቀቅ ብሎ ተነጋገረና ወደ እኛ መጥቶ፣ «ሁለት ቦታ አለ፤ ሆቴሉም ፈቅዷል። እናቴንና አንዱን ልጅ ልውሰዳቸው» አለ። ስማቸውንም ለመጻፍ ጠየቃቸው። እናታችን ስም ሲጠየቁ የለመዱት ከካህን ስለሆነ የክርስትና ስማቸውን ነገሩት። ሾፌሩ ፈገግ ብሎ፣ «ይህንስ ለጸሎት ያቆዩት እናቴ፤ የመታወቂያዎን ስም ይንገሩኝ» አላቸው።

«ልጄ፣ መኪናው በመንገድ አይቆምም አሉን እኮ» ሲሉት፣ «ቃሊቲ ላይ የሚወርድ እንግዳ በስሙ ተጽፎአል፤ ስለዚህ ይቆማል» አለና ደግፎ አሳፈራቸው።

እኅታችን በእናታችን አጠገብ ተቀመጠች። የቀረነው እንደ ጧቱ በአሮጌው መንገድ ተመለስን። ቃሊቲ ስንደርስ አንድ ሰዓት ሊሆን ነው፤ ጨልሞአል። እናታችንና ታናሹ ልጃችን በመንገዱ ዳር ባለች ሻይ ቤት ተቀምጠው አገኘናቸው፤ በአጠገባቸውም እኅታችን ነበረች። ባሏንና ልጆቿን ወደ ሆቴሉ ሸኝታ እርሷ እዚያው ወርዳ ኖሮአል። ከድፎው የተረፈውን ጠየቅን፤ ለሾፌሩ ሰጥተውታል። ቀጥሎም ስድስታችን በአንድ ታክሲ ተጨናንቀን ወደ ሐና ማርያም ገባን፤ እኅታችንም በዚያች ሌሊት በእናታችን አልጋ ላይ አደረች።