ሠልስቱ የስቅለት ዕለት ነበር

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት በሰሙነ ሕማማት ጸሎተ ፍትሐት የለም። በዚያ ሳምንት ለሚያርፉት ምእመናን ሁሉ ፍትሐቱ አስቀድሞ፣ በሆሳዕና ዕለት፣ በአንድነት ይደረጋል። ሥርዓቱን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ለአንዲት ሐዘንተኛ እናት ምን ማለት እንደሆነ ያየሁት ግን በ2003 ዓ.ም. በከፋ ዞን፣ በቢታ ወረዳ፣ በቢታ ገነት ከተማ ነው።

በዚያ መምህር ነበርኩ። ቤት ያከራዩኝ እናት ቡናና ማር እየሸጡ ልጆቻቸውን ብቻቸውን ያሳደጉ ከፊቾ ናቸው፤ እትዬ እያልኩ እጠራቸው ነበር። የመጨረሻ ልጃቸውን እኔም አስተምሬዋለሁ። በሕማማቱ ማክሰኞ ሌሊት፣ ከአጭር ሕመም በኋላ ዐረፈ።

ረቡዕ ዕለት በዝናብ ቀበርነው። ካህናቱ ከመቃብሩ ዳር ቆመዋል፤ የሚያዜም ግን የለም። ሰው ሊያጽናና ሲመጣም እንደ ወትሮው አቅፎ አልሳማቸውም። ይሁዳ ጌታውን በመሳም አሳልፎ ስለሰጠው በዚያ ሳምንት መሳሳምም መጨባበጥም የለም። ሁሉም ራሱን ዝቅ እያደረገ "እግዜር ያጥናዎት" ብሎ አለፈ። እትዬ አፈሩ እስኪመለስ ድረስ ካህናቱን አንድ በአንድ ሲያዩ ነበር።

ማታ የንስሐ አባታቸው ለቅሶ ሊደርሱ መጡ። "አይዞሽ ልጄ፣ በሆሳዕና ተፈትቶለታል" አሏቸው።

"እሱስ ለእሱ ነው አባ፤ ለእኔስ?" አሉ እትዬ።

አባ ብዙ ዝም አሉ። ሲነሡ "ዓርብ ነይ" ብቻ ብለው ወጡ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 14፣ ስቅለት ነበር፤ ለልጁም ሠልስት። እትዬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገና ሳይነጋ ወጡ፤ እኔም ተከተልኳቸው። ቅጽሩ ውስጥ በቀረሮ ዛፎቹ ሥር የቆመው ሰው ለዐይን ይታክታል። ሣሩ በዝናብ ረጥቧል፤ የሚሰግድ ሁሉ ጉልበቱና ግንባሩ ጭቃ ነክቷል። ከበሮና ጸናጽል የማይነካበት ሳምንት በመሆኑ ከቤተ ክርስቲያኑ የሚወጣው የሰው ድምፅ ብቻ ነው።

የዕለቱ ሥርዓት በሰዓት የተከፈለ ነው። ግብረ ሕማማት የተባለው ትልቅ መጽሐፍ ለእያንዳንዱ ሰዓት ምንባቡን፣ ጸሎቱንና ስግደቱን ይደነግጋል፤ ሦስት ሰዓት የራሱ አለው፤ ስድስት፣ ዘጠኝ፣ ዐሥራ አንድ ሰዓትም እንዲሁ። ምንባቡ በግዕዝ ይነበባል፤ ስብከቱ በአማርኛ ይሰጣል፤ ከዚያ አንድ ወጣት ተነሥቶ በከፊቾዎቹ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ ይመልሰዋል። ዜማውን ግን የሚመልስ አላስፈለገም።

ከቅዱስ ያሬድ ሦስት ዜማዎች፣ ከግዕዝ፣ ከዕዝልና ከዓራራይ፣ ለሐዘንና ለሕማማት የሚነገረው ዕዝል ነው። ዕዝል አይቸኩልም። መሪጌታው አንዲቱን ፊደል ከፍ አድርገው ይጀምሯታል፣ ይይዟታል፣ እየሳቡ ዝቅ ያደርጓታል፤ ትንፋሻቸው ሊያልቅ ሲል ካህናቱ ይቀበሏቸዋል። አንድ ሰው ብቻውን ሊሸከመው የማይችለውን ድምፅ ሁሉም በየተራ ይሸከመዋል። እትዬን አየኋቸው። ረቡዕ ዕለት ያልወጣው እንባቸው እዚህ ወጣ። ሲሰግዱ ያለቅሳሉ፤ ሲነሡ ያብሳሉ፤ እንደገና ይሰግዳሉ።

መሪጌታውን ከፋሲካ በኋላ ስለዚህ ዜማ ጠየቅኋቸው። የዜማ መጽሐፉን፣ ጾመ ድጓውን፣ ገልጠው በፊደላቱ አናት ላይ የተጻፉትን ጥቃቅን ምልክቶች አሳዩኝ። ቤተ ክርስቲያን በምልክቶቹ ሕማማቱን ታስተምራለች፦ ይዘት ጌታ የተያዘበት ነው፤ ጭረት የግርፋቱ ሰንበር፤ ርክርክ የደሙ ነጠብጣብ። ምልክቶቹን የሠሩት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል መሆናቸውንም ነገሩኝ። ያ ዘመን ከግራኝ ጦርነት ማግስት ነው፤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል፣ መጻሕፍት ጠፍተዋል፣ ሊቃውንት አልቀዋል። ዜማውን በብራና ላይ ያሰፈረው፣ ያወቃቸውን ድምፆች የቀበረ ትውልድ ነው። ቢታ ገነት ላይ የሰማሁት ዕዝል የተረፈው በሐዘንተኞች እጅ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ባለው ጊዜ ነገሩ ሁሉ ከበደ። የድንግል ማርያም ልቅሶ በሚነገርበት ጊዜ ሴቶቹ ዘንድ ድምፅ ተነሣ። እትዬ ራሳቸውን ይዘው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ በካፊኖኖ ከልጃቸው ጋር መነጋገር ጀመሩ። አጠገባቸው የነበሩ ሴቶች ዝም አላሰኟቸውም። በዚያ ቦታ፣ በዚያ ሰዓት፣ ልጇን ያጣች እናት ማልቀሷ የሥርዓቱ አካል ነበር።

ዐሥራ አንድ ሰዓት የቀብሩ ጸሎት ደረሰ። ከዚያ ወደ አራቱ ማዕዘን እየዞርን፣ በየአቅጣጫው መቶ መቶ ጊዜ ምሕረት እየለመንን ሰገድን። በመጨረሻ ካህናቱ የወይራ ጨንገር ይዘው የእያንዳንዳችንን ጀርባ ነካ ነካ እያደረጉ የንስሐ ስግደታችንን አዘዙን። የእትዬ ንስሐ አባት እሳቸው ዘንድ ሲደርሱ አንዲት ቃል አልጨመሩም። ጨንገሩን አሳርፈው አለፉ።

ዓመታት ካለፉ በኋላ አዲስ አበባ ላይ አንድ ወዳጄ የጆቫኒ ባቲስታ ፔርጎሌሲን ስታባት ማተር አሰማኝ። በመስቀሉ ሥር ስለቆመችው እናት በላቲን የተጻፈ የመካከለኛው ዘመን ግጥም ነው። ፔርጎሌሲ ዜማውን በፈረንጆቹ 1736፣ ኔፕልስ አጠገብ፣ በሳንባ ነቀርሳ ተይዞ ሳለ ጻፈው፤ በዚያው ዓመት በ26 ዓመቱ ሞተ። መጀመሪያው ላይ ሁለት ድምፆች እየተጋጩ ይወጣሉ፤ አንዱ ሌላውን ይጫነዋል፣ ያኛው ዝቅ ይልለታል። ወዲያው እትዬ ትዝ አሉኝ። ቋንቋው ሌላ፣ መሣሪያው ሌላ፣ አገሩ ሌላ ነው፤ ሥራው ግን ያው ነው፦ የአንዱን ክብደት ሌላው ይቀበለዋል።

ዛሬ እንዲህ ያለውን ሙዚቃ ሰው ትኬት ቆርጦ፣ ተቀምጦ ያዳምጠዋል። በዘመኑ ግን ቦታው ጸሎት ውስጥ ነበር። የዮሐን ሴባስቲያን ባህ የማቴዎስ ሕማማት በላይፕሲግ ቶማስ ቤተ ክርስቲያን በስቅለት ጸሎት ላይ የተዜመው ለሁለት ተከፍሎ ነው፤ በመካከሉ ስብከት ይሰጥ ነበር። እነሱ ዘንድ ከጸሎቱ ወጥቶ ወደ አዳራሽ የገባው ነገር ቢታ ገነት ላይ ከነስግደቱ፣ ከነጭቃው፣ ከነጾሙ በቦታው አለ። ለዚህ ነው የእኛን ዜማ እንደ ጥንታዊ ቅርስ ብቻ ሲያወድሱት ቅር የሚለኝ።

የፋሲካ ማግስት እትዬ ቡና አፍልተው ጠሩኝ። የልጃቸውን ስም ጠርተው "ነፍስ ይማር" አሉ፤ እኔም ደገምኩላቸው። ከዚያ "መምህር፣ ለእኔም ተደረገልኝ" አሉኝ።

ሐዘናቸው አላለቀም፤ ከዚያ በኋላም ሌሊት ሌሊት ሲያለቅሱ እሰማቸው ነበር። ግን ከዚያ ዓርብ ጀምሮ ሐዘናቸው ሰው የሚያውቀው፣ መጀመሪያና መጨረሻ ባለው ጸሎት ውስጥ ያለፈ ሐዘን ሆነ። ይህን ያደረገው ከሦስት ሰዓት እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት፣ ሳይበሉና ሳይጠጡ፣ ድምፃቸው እስኪዘጋ ያዜሙት ካህናት ድካም ነው። ዕዝልን አጥንቶ እንዲህ ለማዜም ዓመታት ይፈጃል፤ የሚያስተምር መሪጌታ ይፈልጋል፣ የሚማር ተማሪ ይፈልጋል፣ ሁለቱንም የሚያኖር ምእመን ይፈልጋል። ከታላላቆቹ ጉባኤ ቤቶች በራቀች እንደ ቢታ ገነት ባለች ከተማ ደግሞ የበለጠ ያስፈልጋል። አንድ መሪጌታ ደመወዝ አጥቶ ከተማውን ለቆ ሲሄድ የሚጎድለን ድምፅ ብቻ አይደለም። በሚቀጥለው ሕማማት ልጇን የምትቀብር እናት "ለእኔስ?" ብላ ስትጠይቅ "ዓርብ ነይ" የሚላት ይጠፋል።