እሑድ በቪየና

በሰው አገር ለሚኖር ሰው የሥራ ቀን ቀላል ነው። ሰዓቱ ይነዳዋል፤ የትራሙ ደወል ያቻኩለዋል፤ ማታ ደክሞት ሲገባ እንቅልፍ ይቀበለዋል። ከወገኑ ርቆ መኖሩን በእውነት የሚያውቀው በዕረፍት ቀን ነው። እኛ ባልና ሚስት በሥራ ምክንያት በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና በኖርንባቸው ዓመታት፣ ከብርዱም ከቋንቋውም ይልቅ የከበደን እሑድ ነበር ብንል፣ ውድ አንባቢያን፣ አይግረማችሁ።

ከተማይቱ የገባነው ቅዳሜ ማታ ነበር። በማግሥቱ ዳቦና ጨው፣ ጥቂትም ወተት ልንገዛ ወጣን። ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል። የሰፈሩን መንገድ ከዳር እስከ ዳር ተመላለስንበት፤ ከመስተዋቱ በስተጀርባ እህሉም ልብሱም በሥርዓት ተደርድሮ ይታያል፤ በሩን የሚከፍት ግን የለም። በኋላ እንደ ተረዳነው፣ በኦስትሪያ ሱቆች እሑድ የሚዘጉት በሕግ ነው፤ በትልልቅ የባቡር ጣቢያዎች ውስጥ ያሉ መደብሮችና አንዳንድ ዳቦ ቤቶችን የመሳሰሉት ብቻ ይፈቀድላቸዋል። በአገራችን ቢሆን የባለሱቁን መስኮት አንኳኩቶ፣ ከዕረፍቱ ስላስነሡት ይቅርታ ጠይቆ፣ ገንዘብ ቢጎድል እንኳ በዱቤ ይዞ መመለስ ይቻል ነበር። እዚያ የሚንኳኳ መስኮት አልነበረም። እስከ ባቡር ጣቢያ ሂዱ ብሎ የሚነግረንም ስላልነበረ፣ ለመንገድ በተሰነቀልን ዳቦ ቆሎ ዋልን።

በሚቀጥለው ሳምንት አዋቂ ሆንን። የሚያስፈልገውን ሁሉ ቅዳሜ ገዛን፤ እሑድ ከምሳ በኋላም ቡና ልናፈላ ተሰናዳን። ከአገር ቤት ያመጣነውን ቡና አጠብን፤ ቆላን፤ ጭሱ እንዲወጣ መስኮት ከፈትን፤ በሙቀጫም መውቀጥ ጀመርን። የዘነዘናው ድምፅ በዚያ ጸጥተኛ ሕንፃ ውስጥ ምን ያህል እንደሚያስተጋባ አላስተዋልንም። ከሁለተኛው ስኒ ሳንደርስ በበራችን ሥር አንዲት ቁራጭ ወረቀት ገባች። መዝገበ ቃላት ይዘን ፈታናት፤ «ዛሬ እሑድ ነው፤ እባካችሁ ጸጥታ» ትላለች። ከደረጃው ሥር የተለጠፈውን የቤት ደንብ ወርደን ብናነብ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፣ እሑድና በዓል ደግሞ ቀኑን ሙሉ፣ ጎረቤትን የሚያውክ ድምፅ ማሰማት የተከለከለ ነው።

ጥፋቱ የእኛ ነበር። ሆኖም ተቀየምን። ቡና የጎረቤት መጥሪያ በሆነበት አገር ላደገ ሰው፣ ሙቀጫ ሲሰማ የሚመጣለት ጎረቤት ቀርቶ ወረቀት ሲሆንበት ይከፋዋል። ሙቀጫውን በጨርቅ ጠቅልለን ከአልጋ ሥር አኖርነው። ያን ዕለት እርስ በርሳችንም ብዙ አልተነጋገርንም። ሊመሽ ሲል ከሁለታችን አንዳችን ወደ አገር የመመለስን ነገር አነሣ፤ ሌላው መልስ አልሰጠም።

ከዚያ ወዲያ እሑድን ከቤት ውጭ ማሳለፍ ተማርን። ቪየና ለእግረኛ የተመቸች ከተማ ናት። «ዴ» በተባለው ትራም እስከ ኑስዶርፍ ደርሶ፣ ከዚያ በእግር 484 ሜትር ከፍታ ወዳለው ወደ ካሌንበርግ ኮረብታ መውጣት ይቻላል። መንገዱ በወይን ተክል መካከል ያልፋል፤ ከላይ ሆኖ ለሚመለከትም ከተማይቱና የዳኑብ ወንዝ ተዘርግተው ይታያሉ። አዛውንት ባልና ሚስት ምርኩዝ ይዘው፣ ስንቃቸውን በጀርባቸው አዝለው ዳገቱን ሲወጡ ስናይ፣ በመጀመሪያ ወዴት እንደሚሄዱ ግራ ገባን። ለካስ መሄዱ ራሱ ጉዳያቸው ኖሯል። እኛ በልጅነታችን ረጅም መንገድ በእግር የሄድነው ውኃ ለመቅዳት፣ ትምህርት ቤት ለመድረስ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ነበር። ያለ ጉዳይ መሄድን የተማርነው በዚያ ኮረብታ ላይ ነው።

ከኮረብታው ሲወርዱ «ሆይሪገር» የሚባሉ የወይን ጠጅ ቤቶች ይገኛሉ። ንጉሠ ነገሥት ዮሴፍ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1784 ባወጡት ድንጋጌ የወይን ገበሬዎች የራሳቸውን ምርት በየቤታቸው እንዲሸጡ ፈቀዱ፤ ልማዱ እስከ ዛሬ አለ። ቤቱ ክፍት መሆኑ የሚታወቀው በደጃፉ ላይ በሚንጠለጠለው የጥድ ቅርንጫፍ ነው። ይህን ስናይ ተያይተን ሳቅን። በአገራችን ጠላ ቤት መኖሩን በእንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ እንደሚናገር ሁሉ፣ እነርሱም ያለ ጽሕፈት የሚነበብ ምልክት አላቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ መዝገበ ቃላት ያነበብነው የቪየና ማስታወቂያ ያ ቅርንጫፍ ነበር።

በሙቀቱ ወራት ደግሞ ወደ ዳኑብ ደሴት እንሄዳለን። ደሴቲቱ የሰው እጅ ሥራ ናት። ወንዙ እየሞላ ከተማይቱን ያጥለቀልቅ ስለ ነበር፣ እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1988 ድረስ ጎርፉን የሚቀበል አዲስ የውኃ መውረጃ ተቆፈረ፤ ከጉድጓዱ የወጣው አፈርም 21 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ደሴት ሆነ። ለጎርፍ መከላከያ የተከመረው አፈር ዛሬ ሕዝብ የሚዋኝበት፣ ብስክሌት የሚነዳበትና ከቤተሰቡ ጋር ሥጋ የሚጠብስበት መስክ ነው።

በበረዶው ወራት መጠጊያችን ቡና ቤት ነበር። ቡና ቤት ስንል በየከተማችን ያለው መጠጥ ቤት እንዳይመስላችሁ። በቪየና የመጀመሪያው ባለፈቃድ ቡና ቤት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1685 በአርመናዊው ነጋዴ በዮሐንስ ዲዮዳቶ እንደ ሆነ ይነገራል። ዛሬ አስተናጋጁ ቡናውን ከአንድ ብርጭቆ ውኃ ጋር በትንሽ ሰርቪስ ላይ ያቀርባል፤ ጋዜጦቹ በእንጨት መያዣ ተይዘው ተሰቅለዋል፤ በአንድ ስኒ ግማሽ ቀን ለተቀመጠ እንግዳ ተነሥ የሚለው የለም። ውኃውም ዝም ብሎ ውኃ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1873 ከተመረቀው ቧንቧ ጀምሮ ከሩቅ የተራራ ምንጮች በራሱ ቁልቁለት እየወረደ የሚመጣ ነው። አንዳንድ ምሽትም በመንግሥት ኦፔራ ቤት በርካሹ የቁም ትኬት እንገባለን። ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1945 በቦምብ ተቃጥሎ በ1955 እንደገና የተከፈተ ነው። ቁም ተመልካቾች ስፍራቸውን የሚያስከብሩት ሻርፓቸውን ከፊታቸው ባለው አግዳሚ ላይ በማሰር ነው፤ ሌላው ሰው አይነካባቸውም።

ይህ ሁሉ ደስታ ነበር። ነገር ግን በየሄድንበት ጠረጴዛችን የሁለት ሰው ጠረጴዛ ነበር። በሕንፃችን ደረጃ ላይ ከሰው ጋር ስንገናኝ «ግሩስ ጎት» እንባባላለን፤ እግዚአብሔር ይባርክህ እንደ ማለት ነው። የእኛ «ጤና ይስጥልኝ»ም ሰጪውን በስሙ ሳይጠራ ወደ እርሱ የሚያመለክት ስለ ሆነ፣ ሰላምታቸው ለጆሯችን ባዕድ አልነበረም። ይሁን እንጂ ከሰላምታው ያለፈ ቃል በመካከላችን አልነበረም።

በሁለተኛው ዓመት፣ በበረዶው ወራት፣ በሕንፃው መግቢያ ላይ ጥቁር ጠርዝ ያለው ወረቀት ተለጠፈ። ስለ ደረጃ ጽዳት ወይም ስለ ማሞቂያ ሒሳብ የሚናገር መስሎን አምስት ቀን በፊቱ ተመላለስን። በስድስተኛው ቀን አንዲት የሥራ ባልደረባ ልትጠይቀን መጥታ፣ «ከእናንተ በላይ የሚኖሩት ሽማግሌ ዐርፈዋል እኮ!» አለችን። ወረቀቱ «ፓርቴ» የሚሉት የመርዶ ማስታወቂያ ነበር። የሟቹ ስም፣ የቀብሩ ቀንና ሰዓት ሁሉ ተጽፎበታል። ሰዓቱ አልፏል።

ያን ጊዜ የተሰማንን ኀፍረት መግለጽ ይከብደናል። ከጣራችን በላይ ሰው ታሞ ከርሟል፤ ሞቷል፤ አስከሬኑ በበራችን ፊት ወርዷል። እኛ፣ ለቅሶ የማይደርስን ጎረቤት ከሰው የማንቆጥር፣ አልሰማንም። በዕድር ባንተሳሰርም ዕዳው ዕዳ ነው። በዚያው ምሽት ዳቦ ጋግረን፣ ቡና በፔርሙዝ ይዘን ወጣን። በሩን የከፈቱልን በደረጃው ላይ የምናውቃቸው አሮጊት ነበሩ። ባልደረባችን ያስጠናችንን የማጽናኛ ቃል በተሰባበረ ጀርመንኛ ተናገርንና እንደ ባህላችን ዝም ብለን ተቀመጥን። እሳቸውም ለምን መጣችሁ አላሉንም።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ከቡናው ቀመስ አደረጉና፣ «የምትወቅጡት ይህንን ነበር?» አሉን። ከዚያም ያችን ወረቀት የጻፉት እሳቸው እንደ ነበሩ ነገሩን። ባላቸው ሌሊቱን በሕመም እየተሰቃዩ ያድሩ ስለ ነበር፣ ጥቂት የሚያሸልቡት ከቀትር በኋላ ነበር። «ምክንያቱን ልነግራችሁ ብዙ ጊዜ አስቤ ነበር፤ እናንተ ግን ከዚያ በኋላ ፈጽሞ ዝም አላችሁ፤ እንደ ተቀየማችሁ ስለ ገባኝ ለመምጣት አፈርሁ» አሉ። ለሁለት በረዶ ወራት ያህል እኛ ከታች፣ እሳቸው ከላይ፣ በአንድ ጣራ ሥር ተፋፍረን ኖረናል። ልንሰናበታቸው ስንነሣ እጃችንን ይዘው፣ «እንቅልፉን የምጠብቅለት ሰው አሁን የለም፤ ውቀጡ» አሉን።

በሚቀጥለው እሑድ ሙቀጫውን ከአልጋ ሥር አወጣነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ፣ ደቂቃ ሳያዛንፉ፣ በራችን ተንኳኳ። የራሳቸውን ኬክ ይዘው መጥተዋል። አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን ጠጡ፤ ሦስተኛውን ሳይጠጡ መሄድ ነውር መሆኑን አስረድተናቸው ነበርና አላጎደሉም። ከሌላ ፎቅ ወረቀት ቢመጣብን ምን እንደምናደርግ ብንጠይቃቸው፣ «መልሱን እኔ እጽፋለሁ» አሉ። ቪየናን እስከ ለቀቅንበት ቀን ድረስ እሑድ ከቀትር በኋላ ከከተማይቱ መስኮች ይልቅ ያችን ጠባብ ክፍል መረጥን። ስለ መመለስም ያነሣ አልነበረም።

በየጦር ሰፈሩ የምትኖሩ የሠራዊቱ ቤተሰቦች ሆይ፣ ከአንዱ ክፍለ ሀገር ወደ ሌላው መዛወርን ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። በአዲሱ መንደራችሁ በር ላይ በማታውቁት ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት ብታዩ፣ በዚያው ቀን የሚያነብላችሁ ሰው ፈልጉ። እኛ አምስት ቀን ዘግይተናል።