የደፈንኩት ጨፌ

ከሜልበርን በስተምዕራብ፣ ከሜልተን ወዲያ የገዛሁትን መሬት መጀመሪያ ያየሁት በጥር ነው። ዝቅ ያለው ክፍል ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር። ሻጩ ክረምት ላይ ውኃ እንደሚተኛበት አልደበቀኝም። ገደቡም ወረቀቱ ላይ ነበር፤ ያለ ፈቃድ የአገሬውን ዕፅዋት ማጥፋትም ሆነ አፈር መድፋት ክልክል ነው። አንብቤዋለሁ። "አልገባኝም ነበር" እያልኩ ለስንቱ የነገርኩት ውሸት ነው።

ደግሞስ የፎገራ ልጅ ጨፌ አላውቅም ቢል ማን ያምነዋል? ጥር እኛም ዘንድ በጋ ነው፤ የደረቀ ጨፌ የሞተ ጨፌ እንዳልሆነ እረኛ እያለሁ አውቃለሁ። እንቁጣጣሽ ሲደርስ የሜልተኑ ጨፌ ግጥም ብሎ ሞላ፣ ዳር ዳሩ ቄጠማ መሳይ አበቀለ። ማታ ማታ እንቁራሪቱ ከሩቅ እንደሚመጣ ሞተር ብስክሌት ያጉረመርም ነበር። ባለቤቴ ከሣሩ አጭዳ፣ ቤት ጎዝጉዛ ቡና አፈላችበት (እሱም ሳይከለከል አይቀርም)።

ታርኔትና ሮክባንክ ቤት በቤት እየሆኑ ስለነበር፣ ተቆፍሮ የሚወጣው አፈር መድፊያ ይፈለግለታል። የሚያመላልሱት ሰዎች "ንጹሕ አፈር ነው" አሉኝ፤ በገልባጭ ሒሳብ ከፈሉኝ። በሣምንታት ውስጥ ጨፌው ሜዳ ሆነ። በኋላ ሲመረመር ከጡብ ስብርባሪው ጋር አስቤስቶስ ተገኘበት።

የካውንስሉ የቅጣት ደብዳቤ ሲመጣ ግን ከአፈሩ የከፋ ነገር ሠራሁ። ከቅዳሴ ወጥተን ግቢ ውስጥ ቆመን "ጥቁር ስለሆንኩ ነው" አልኩ። ልጆቻችን በእውነት የሚቀምሱትን መድልዎ ለገልባጭ ገንዘብ መሸፈኛ አደረግሁት። አዛውንቶቹ አዘኑልኝ፣ ለቅጣቱ አዋጡልኝ። ያው ገደብ በፈረንጅ ጎረቤቴ መሬት ላይም እንዳለ፣ እሱም ጨፌውን አጥሮ እንደተወው አልነገርኳቸውም።

ሌላም መከራከሪያ ነበረኝ፤ እሱስ እውነት ነበር። የቪክቶሪያ መንግሥት በከተማዋ ምዕራብ 15,000 ሄክታር የሣር ምድር እስከ 2020 ገዝቼ እጠብቃለሁ ብሎ፣ በዚያው ዓመት ዋና ኦዲተሩ ሲፈትሽ የተገዛው 10 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ይህን በቃሌ ይዤ ለሁሉም እደግም ነበር። የፌዴራሉ መንግሥት እንዲህ ያለውን ክረምት ከበጋ የሚለዋወጥ ረግረግ በ2012 ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት መሐል መመዝገቡን ግን እዘለው ነበር። እንዲህ ያለ ረግረግ የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ስለሚሆን፣ ባዶ መሬት መስሎ ስለሚታይ ነው፤ ያርሱታል፣ ይደፍኑታል።

አፈሩን በራሴ ወጪ አስነሣሁ። ኤክስካቫተሩ የመጣውን አፈር ሲዝቅ ዘሩን ያቀፈውን የላይኛውን አፈርም አብሮ ጠረገው። ውኃው በክረምት ይመለሳል፤ ዳር ላይ የሚበቅለው ግን አረም ነው። እንቁራሪቱን አልሰማሁም።

ባለፈው እሑድ ካዋጡልኝ ሽማግሌዎች አንዱ "እነዚያ ዘረኞች ተዉህ ወይ?" ብለው ጠየቁኝ። እውነቱን ነገርኳቸው፤ ያዋጡትን ልመልስ ብዬም ለመንኳቸው። ረጅም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ "ገንዘቡ ይቅር። ያኔ ቆመህ እንደተናገርከው፣ አሁንም ቆመህ ለሁሉም ተናገር" አሉኝ። እስካሁን አልቆምኩም።