ከአዋሽ እስከ ሰመራ፦ የጣላችሁት የሚጠብቃችሁ መንገድ

ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ አፋር ለመውረድ ካሰባችሁ ከኅዳር እስከ ጥር ያሉትን ወራት ምረጡ። ከዚያ በኋላ ሙቀቱ ለአዋቂም ይከብዳል። ከአዲስ አበባ በጠዋት ከተነሣችሁ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛችሁ ምሳችሁን አዋሽ ሰባት ትበላላችሁ። በጅቡቲው ባቡር ዘመን መንገደኛ ያርፍበት የነበረው ቡፌ ከድሮው ጣቢያ አጠገብ ነው። ከምሳ በኋላ ለመነሣት አትቸኩሉ። የልጆቹን እጅ ያዙና ወደ ገደሉ ጠጋ ብላችሁ ከታች የሚሄደውን ቡናማ ውኃ አሳዩአቸው።

አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢጓዝም ባሕር አይደርስም። ጅቡቲ ጠረፍ ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ እዚያው ይቀራል። አዲስ አበባን አቋርጠው የሚወርዱት ትልቁና ትንሹ አቃቂም መጨረሻቸው ይኸው ወንዝ ነው። ሰፈራችን ቦይ ውስጥ የተወረወረ ሃይላንድ፣ ከፋብሪካ የተለቀቀ ቀለም፣ የልብስ ማጠቢያችን አረፋ ሁሉ ወደዚህ ሸለቆ ያዘነብላል። «ጣልኩት» የምንለው ነገር ቁልቁል ወርዶ የሌላ ሰው ግመል ከሚጠጣበት ውኃ ይደርሳል። የዘጠኝ ዓመት ልጄ ይህን ስነግራት መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ታዲያ ማን ያወጣዋል?» ብላ ነው። መልስ አልነበረኝም።

አሁን አሁን በአዲስ አበባ ሆቴሎች አዳራሽ ውስጥ «ሰርኩላር ኢኮኖሚ» የሚል ቃል ይደጋገማል። ነገሩ ሲቀል፣ አንዱ የተወውን ሌላው ጥሬ ዕቃ ያደርገዋል፣ ዕቃው ዞሮ ዞሮ ወደ ሥራ ይመለሳል ማለት ነው። ቆራሌው «ያለሽ!» እያለ በር ሲያንኳኳ ላደግን ሰዎች ቃሉ እንጂ ሥራው አዲስ አይደለም። መተሐራን ስታልፉ በግራና በቀኝ የምታዩት ሸንኮራ አገዳም ከተጨመቀ በኋላ ገለባው የፋብሪካውን ማሞቂያ ያነድዳል፤ ከስኳሩ የተረፈው ሞላሰስ ደግሞ ኤታኖል ሆኖ ከቤንዚን ጋር እንዲቀላቀል ሲሠራበት ቆይቷል።

የዚህ መንገድ ባለሙያዎች ግን ሁሉም ዲግሪ የላቸውም። መስመሩ የጅቡቲ ከባድ መኪኖች መንገድ ስለሆነ በየከተማው ጎሚስታ አለ። አንዱ ዘንድ ጎማችንን ስናስነፋ ቆመን አየን። የተቀደደው ከመነዳሪ በቀጭኑ ተቆርጦ ጭነት ማሰሪያ ገመድ ይሆናል። ያለቀው ጎማ ወይ በረባሶ ይወጣዋል ወይ ለከብት ውኃ መስጫ ገንዳነት ይተኛል። «ወንድሜ፣ የሚጣልህ ምንድን ነው?» አልኩት። ትንሽ አሰበና «ጊዜ» ብሎ ሳቀ።

ከአዋሽ ወደ ሰሜን ስትነዱ፣ በተለይ ወደ ገዋኔ ስትቃረቡ፣ መንገዱን ከሁለት በኩል የሚያጥር እሾሃማ አረንጓዴ ቁጥቋጦ ታያላችሁ። በዚህ በረሃ እንዲህ ያለ ልምላሜ ማየት ያስደስታል። አትደሰቱ። ፕሮሶፒስ ነው። ከመካከለኛውና ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ዛፍ ሲሆን፣ በ1970ዎቹ ዓ.ም. ገደማ አፈርና ንፋስ ይከላከላል፣ ጥላም ይሆናል ተብሎ በመካከለኛው አዋሽ ተተከለ። አፋሮች «ደርጊ ሐራ» ይሉታል፤ የደርግ ዛፍ ማለት ነው። «ወያኔ» የሚሉትም አሉ። አገሬው የማይነቀል ነገር ስም ሲያወጣ ወደ ቤተ መንግሥት ማየቱ አይቀርም መሰለኝ።

ዛሬ በአፋር ክልል ከአንድ ሚሊዮን ሔክታር በላይ መሬት ላይ ተሰራጭቷል ተብሎ ይገመታል። የግጦሽ ሣሩን ያጠፋል፤ የወንዙን ዳር ዘግቶ ከብት ከውኃ ይከለክላል፤ እሾሁ ሰኮናም ጎማም ይበሳል። ቢቆርጡት ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ከሁሉ የሚገርመው የሚራባበት መንገድ ነው። ፍሬው ጣፋጭ ስለሆነ ፍየሉም ግመሉም ይበላዋል፤ ዘሩ ግን ሳይፈጭ ከፋንድያው ጋር ወጥቶ፣ ማዳበሪያውን ይዞ፣ አዲስ ቦታ ይበቅላል።

ባለሙያዎች የገቡት እዚህ ላይ ነው። በ1990ዎቹ ፋርም አፍሪካ የተባለው ድርጅት በአሚባራና በገዋኔ አርብቶ አደሮችን በማኅበር አደራጅቶ ዛፉን ከሥሩ እየነቀሉ ከሰል እንዲያከስሉ፣ ፍሬውን ደግሞ በወፍጮ እያስፈጩ ለከብት መኖ እንዲያደርጉት አስጀመረ። ወፍጮው ዘሩን ስለሚገድለው ያው ፍየል የሚበላው ያው ፍሬ መዛመቱ ያቆማል። ፍሬው ግን ከሌላ መኖ ጋር መቀላቀል አለበት፤ ለብቻው ብዙ ከበሉት ከብቶቹን ያሳምማል። የሲሚንቶ ፋብሪካዎች በድንጋይ ከሰል ፈንታ እንጨቱን እንዲያነድዱ የማድረጉ ሐሳብም ሲጠና ቆይቷል።

እስካሁን ያልተቋጨ ክርክርም አለ። ከሰሉ ገበያ ሲያገኝ ምሳር የያዘው ሁሉ ፕሮሶፒስን ብቻ አልቆረጠም፤ አገር በቀሉ ግራር ይቀላል፣ እሾሁም አያስቸግርም። ጆንያ ውስጥ ከገባ በኋላ የትኛው ከየትኛው እንደሆነ መለየት ይከብዳል። ሌላው ጥያቄ ደግሞ ከዛፉ ገቢ የለመደ ሰው ዛፉ እንዲጠፋ ይፈልጋል ወይ የሚለው ነው። አንዳንድ ተመራማሪዎች «ተጠቅመን እናጥፋው» ሲሉ ሌሎች «መጠቀሙ ያኖረዋል» ይላሉ። እኔ፣ ዛፉን ካየሁ በኋላ፣ መሬቱ መልሶ ሣር ካልበቀለበት ሥራው አለቀ ከማይሉት ወገን ነኝ። እናንተም መንገድ ዳር ከሰል ስትገዙ «የምን እንጨት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ባታምኑ እንኳ ጥያቄው ይለመድ።

ሰመራ ለመድረስ ከአዋሽ ሌላ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀራችኋል። ሚሌንና ሎጊያን አልፋችሁ የምታገኟት፣ ከአሳይታ ዋና ከተማነቱን የተረከበች አዲስ ከተማ ናት፤ ሰፋፊ መንገዶች፣ ዩኒቨርሲቲ፣ የመንግሥት ሕንፃዎች። ለቱሪስት ዓይን ብዙ የላትም፤ ሰዉ የሚያርፍባት ወደ ዳሎልና ኤርታሌ ለመሄድ ነው። ከከተማው ወጣ ስትሉ ግን የአፋር ሴቶች የሚሠሩትን ድንኳን መሰል ቤት ሳታዩ አትመለሱ። የታጠፉ እንጨቶች ላይ የዘምባባ ምንጣፍ ይደረብበታል፤ መሄጃ ሲደርስ ሴቶቹ ራሳቸው ያፈርሱትና በግመል ጭነው አዲሱ ሰፈር ላይ መልሰው ያቆሙታል። ያረጀው ምንጣፍ በአዲስ ይተካል እንጂ ቤቱ አይጣልም። በሰፈሩበት ቦታ የሚቀረው የእሳት አመድና ጥቂት ድንጋይ ነው። እኛ ያደርንበት ክፍል በር ላይ ግን በአንድ ሌሊት የጠጣነው አሥራ አንድ ሃይላንድ ተደርድሮ ነበር፤ ልጄ ቆጠረችው።

በመልሱ ጉዞ ሎጊያ ላይ ቡና ልንጠጣ ወረድን። ልጄ ኪሷን ስትፈትሽ አንድ ቢጫ የፕሮሶፒስ ፍሬ ወጣ፤ ገዋኔ ላይ አንሥታ ኖሯል፣ አያቷ ግቢ ልትተክለው። ቡና የምታፈላው እናት አየችና እጇን ዘረጋች። «አምጪው የኔ ልጅ» አለችና ከሰሉ ላይ ጣለችው። ጢሱ ትንሽ ይጣፍጣል።