በጥጋብ ዘመን የተገባ ዕዳ

በፍርድ ቤት ጸሐፊነት የዕዳ ክርክር ስጽፍ ብዙ ዘመን ሆኖኛል። ከዚህም የተረዳሁት፣ አንድ ቤት የሚፈርስበት ቀንና ፈረሰ ተብሎ በመዝገብ የሚጻፍበት ቀን እጅግ የተራራቁ መሆናቸውን ነው። ዳኛው ሲፈርድ ጎረቤት ሁሉ ይደነግጣል፤ ነገር ግን ውሉ የተጻፈበትን ቀን መለስ ብሎ ለተመለከተ ሰው፣ ያ ቀን አብዛኛውን ጊዜ ጎተራው የሞላበትና ድግሱ የደመቀበት ወራት ሆኖ ይገኛል። ይህም ነገር በታላቅ ከተማ ላይ ጭምር እንደሚደርስ ለማወቅ የሚወድ አንባቢ፣ በአሜሪካ አገር በሚሺጋን ግዛት ያለችውን የዲትሮይትን ታሪክ ይመልከት። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዲትሮይትን በ1701 በወንዝ ዳር የቆረቆሩት ፈረንሳውያን ናቸው። በ1900 የሕዝቧ ቍጥር 285,704 ነበረ። በ1903 ሄንሪ ፎርድ ኩባንያውን አቋቋመ፤ በ1908ም ሞዴል ቲ የተባለውን አውቶሞቢል አወጣ። በ1913 በሃይላንድ ፓርክ ፋብሪካው፣ ሠራተኛው በስፍራው ቆሞ ሥራው በሰንሰለት እየተሳበ እንዲመጣለት ስላደረገ፣ የአውቶሞቢሉን የታች አካል ለመግጠም ከ12 ሰዓት በላይ ይፈጅ የነበረው ጊዜ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ወረደ። በ1914 ደግሞ ለ8 ሰዓት ሥራ በቀን 5 ዶላር እንደሚከፍል ባስታወቀ ጊዜ ሥራ ፈላጊው ከየአቅጣጫው ጐረፈ። ጄነራል ሞተርስና ክራይስለርም በዚያው ከበሩ። በ1950 ሕዝቧ 1,849,568 ደረሰ። ባዶ እጁን የመጣ ብዙ ሰው በላቡ ቤት ገዝቶ ልጆቹን አስተማረ።

ዕዳውም የተገባው በዚሁ በጥጋብ ዘመን ነው።

የመጀመሪያው ዕዳ ከተማዪቱ እንጀራዋን ሁሉ ከአንድ ምጣድ መጠበቋ ነው። ፋብሪካዎቹ ሰፊ መሬት ፈልገው ወደ ውጭ ሲወጡ፣ መኪናም የሰውን እጅ ሲተካ፣ በ1973ም ነዳጅ ተወዶ ገዢው በጥቂት ነዳጅ ወደሚሄዱት የጃፓን አውቶሞቢሎች ፊቱን ሲያዞር፣ ሌላ የተጣደ ምጣድ አልነበረም።

ሁለተኛው ዕዳ በወንድማማች መካከል የቆመ ግንብ ነው። ይህን የምለው በምሳሌ አይደለም። በ1941 አንድ ቤት ሠሪ ነጋዴ፣ ለነጮች ላሰበው ሰፈር የመንግሥት የብድር ዋስትና ለማግኘት ሲል፣ ከጥቁሮቹ ሰፈር የሚለይ ቁመቱ 6 ጫማ፣ ርዝመቱ ግማሽ ማይል ያህል የሆነ የሲሚንቶ ግንብ አቆመ። በ1943 በተነሣው ሁከት 34 ሰዎች፣ በ1967ም 43 ሰዎች ሞቱ። ነጩ ሕዝብ በዙሪያው ወዳሉት ከተሞች ፈለሰ፤ በኋላም አቅም ያለው ጥቁር እንዲሁ ወጣ። ግብር ከፋዩ ሲሄድ መንገዱ፣ መብራቱ፣ የውሃው ቧንቧ፣ ለጡረተኛው የተሰጠውም ተስፋ በቦታው ቀረ። በ2010 የተገኘው ሕዝብ 713,777 ብቻ ነበረ።

ሐምሌ 18 ቀን 2013 ከተማዪቱ ዕዳዬን መክፈል አልችልም ብላ ለፍርድ ቤት አመለከተች። ዕዳዋ 18 ቢሊዮን ዶላር ያህል ሲሆን፣ ከዚያ አስቀድሞ ይህን ያህል ዕዳ ይዞ ፍርድ ቤት የቀረበ የአሜሪካ ከተማ አልነበረም። ከክርክሩ ሁሉ ልቤን የነካው አንድ ነገር ነው። ከተማዪቱ የታላላቅ ሠዓልያን ሥራ የተሰበሰበበት ቤተ መዘክር አላት፤ ዲየጎ ሪቬራም በ1932ና በ1933 የፎርድን ሠራተኞች በግድግዳው ላይ የሣለው በዚሁ ቤት ነው። ከባለ ገንዘቦቹ አንዳንዶቹ ሥዕሉ ተሸጦ ይከፈለን አሉ። በሌላ ወገን በከተማዪቱ አገልግሎት ያረጁ ጡረተኞች ቆመዋል። ስለዚህ ጥያቄው የአባት ቅርስ ይሸጥ ወይስ የሽማግሌ እንጀራ ይቀነስ የሚል ሆነ። ርስቱ ይሸጥ ወይስ የእናቲቱ ቀለብ ይጉደል የሚለውን ክርክር እኔም በመዝገብ ጽፌዋለሁ፤ እንደዚህ ያለ ነገር ሲጻፍ ብዕር ይከብዳል።

በመጨረሻ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች፣ የግዛቱ መንግሥትና ቤተ መዘክሩ ከ800 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለመስጠት ቃል ስለ ገቡ፣ ሥዕሎቹ ከመሸጥ ዳኑ። የፖሊሶችና የእሳት አጥፊዎች መሠረታዊ ጡረታ አልተነካም፤ የሌሎቹ ግን ከመቶ 4.5 ተቀነሰ። ይህ ዕርቅ ከተፈራው የተሻለ ስለ ሆነ ሊመሰገን ይገባዋል። ሆኖም ያ ጡረተኛ ግንቡን አላቆመም፣ ፋብሪካውንም አላራቀም፤ የተቀነሰው ግን ከእርሱ ማዕድ ነው።

ዛሬ ከተማዪቱ በመጠኑ እያንሰራራች ነው፤ በ1913 ተከፍቶ በ1988 የተዘጋው ታላቁ የባቡር ጣቢያ በፎርድ ኩባንያ ታድሶ በ2024 ተከፍቷል። ይህም ሰውን ደስ ያሰኛል፤ የቤት አባትና እናት የሆንን ሁሉ ግን ቀድሞ ከሆነው እንማር። ዮሴፍ በግብፅ እህሉን ያከማቸው በ7ቱ የጥጋብ ዓመታት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትምና፣ ጎተራው ሞልቶ ሳለ ባልና ሚስት ልጆቻቸውን አስቀምጠው ዕዳቸውን ይቍጠሩ። የልጆቹ ሙያ ልዩ ልዩ ይሁን፤ በወንድማማች መካከልም ግንብ አይቁም። ለሽማግሌዎች ተስፋ ስንሰጥ መክፈያውን በዚያው ቀን ለይተን እናኑር፤ ከዕዳ ሁሉ የሚቀድመው እርሱ ነውና።