ታካብዳለች

አራት ላጤዎች ሆነን ቤት ተከራይተን ስንኖር፣ አንደኛዋን ጓደኛችንን ከእምብርቷ በታች ያማት ነበር። መጀመሪያ በየወሩ ነበር፤ ኋላ በየሳምንቱ ሆነ። ጤና አዳም አፈላን፣ ፓናዶል ገዛን፣ በሃይላንድ ሙቅ ውሃ ሞልተን ሆዷ ላይ አስቀመጥን። አከራያችን «አይዞሽ፣ ስትወልጂ ይተውሻል» አሏት። ከማን እንደምትወልድ ግን አልነገሯትም።

ሐኪም ቤት ወሰድናት። ሽንት፣ ደም፣ አልትራሳውንድ... መልሱ «ምንም የለብሽም፣ ጭንቀት ይሆናል» ሆነ። እውነቱን እናውራ ካልን፣ ያን ቀን በታክሲ ስንመለስ እኛም በልባችን «ታካብዳለች» ብለናል።

ከመካከላችን ሁለታችን ጋዜጠኝነት ነው የተማርነው። አንድ ምንጭ ብቻ ይዛችሁ አትጻፉ እየተባልን ተመርቀን፣ አንድ አልትራሳውንድ አምነን ጓደኛችንን ጠረጠርን!

ሌላ ቀን ሌሊቱን ሙሉ መሬት ላይ ተኮራምታ ስታድር ግን አፈርንና ማንበብ ጀመርን። ለካ ኢንዶሜትሪዮሲስ የሚባለው ሕመም በመውለጃ ዕድሜ ካሉ 10 ሴቶች አንዷን ገደማ ይይዛል፤ በተራ አልትራሳውንድ ግን ብዙ ጊዜ አይታይም። ለካ ከ6 ወር በላይ የቆየ ሕመም ነርቮቹን እያስለመዳቸው፣ መነሻው ቢታከም እንኳ መጮሃቸውን ላያቆሙ ይችላሉ።

በዚያው ሰሞን እህቷ ከአሜሪካ ስትመጣ ቴንስ የሚባል፣ ሞባይል የሚያክል ዕቃ ይዛላት መጣች። በባትሪ ይሠራል። ሽቦው ጫፍ ላይ ያሉትን ተለጣፊዎች ወገቧና ሆዷ ላይ ትለጥፍና ትከፍተዋለች፤ ጉንዳን እንደሚወርራት ሁሉ ይነዝራታል። አከራያችን «በኮረንቲ ልትሞቺ ነው?» ብለው አማተቡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጉልበታችን ሲጋጭ ወዲያው እናሸዋለን አይደል? እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1965 ሮናልድ መልዛክና ፓትሪክ ዎል የተባሉ ተመራማሪዎች፣ የሕመም መልእክት ወደ አንጎል ሲወጣ አከርካሪ ላይ እንደ በር ያለ ነገር ያልፋል አሉ። የማሸት ወይም የንዝረት ስሜት ሲጋፋው በሩ ይጠብበታል። ጠንከር ያሉ ዓይነቶችም አሉ፦ ቁርጭምጭሚት አጠገብ ቀጭን መርፌ ገብቶ በሳምንት አንዴ ለ30 ደቂቃ፣ 12 ሳምንት የሚሰጥ፤ ወይም ከወገብ በታች ቆዳ ሥር የሚቀበር። የሚቀበረው አሜሪካ ውስጥ በ1997 የተፈቀደው ለፊኛ ችግር ነው፤ ለዳሌ አካባቢ ሕመም ገና እየተጠና ነው።

ተአምር እንዳይመስላችሁ። ቴንሱ አላዳናትም። ግን ከአስር ስምንት የነበረው ሕመሟ፣ ዕቃው በርቶ እስካለ ድረስ አምስት ይሆንላታል፤ ሥራ ትገባለች፣ ትተኛለች። ሌላ ሐኪምም አየቻት፤ «ምንም የለብሽም» አላለቻትም። (ለነፍሰ ጡርና ልቡ ላይ መሣሪያ ላለበት ሰው ግን ሐኪም ሳይጠየቅ አይሞከርም።)

በቀደም በታክሲው ውስጥ ያሰብነውን ነገርናት። «አውቄአለሁ፣ ፊታችሁ ላይ ነበር» አለችን። ይቅርታ ጠየቅን። እናንተም ቤት ሆዷን ይዛ የምትቀመጥ ልጅ ካለች፣ እባካችሁ እንደኛ ሳትዘገዩ እመኗት።