ፊደል በቆጠራ

የይፋት ቆላ ፀሐይ ለቀጭን ጽሑፍ አትራራም። ከጣርማ በር ወርዶ፣ ደብረ ሲናን አልፎ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ የደጋው ጉም ተገፎ ብርሃኑ ዓይን ይወጋል። በዚያ አውራ ጎዳና ዳር የቆመ ሰሌዳ ከሚሮጥ አውቶቡስ መስኮት በቅጽበት መነበብ ይኖርበታል። የአደባባይ ፊደል ከመጽሐፍ ፊደል የሚለየውም በዚሁ ነው። የመጽሐፉን ፊደል አንባቢው ጎንበስ ብሎ ይቀርበዋል፤ የአደባባዩ ፊደል ግን ራሱ ወደ አላፊ አግዳሚው መሄድ አለበት።

ለዚህ አገልግሎት ከሚመረጡት ቅርጾች አንዱ በትንንሽ አራት ማዕዘን ነጥቦች የሚገነባው ወፍራም ፊደል ነው። ነጥቡ በኮምፒውተር ባለሙያዎች ዘንድ ፒክስል ይባላል። የመጀመሪያዎቹ የቤት ኮምፒውተሮችና የጨዋታ መሣሪያዎች አቅማቸው ውሱን ስለነበር፣ አንዱን ሆሄ ብዙ ጊዜ 8 በ8 በሆነ ሠንጠረዥ፣ ማለትም በ64 ነጥቦች ይሥሉት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 ሱዛን ኬር ለማኪንቶሽ ኮምፒውተር የነደፈችው «ቺካጎ» የተሰኘው ወፍራም ፊደል ከዚህ ድህነት ውበት ሊወለድ እንደሚችል አሳየ። ዛሬ መሣሪያው ባለጸጋ ሆኗል፤ ያ የድህነት ቅርጽ ግን በፖስተር፣ በመጽሐፍ ሽፋንና በሱቅ ደጃፍ በሚሮጥ የብርሃን ጽሑፍ ላይ በውድ ይመረጣል።

አሠራሩ ለይፋት እንግዳ አይደለም። በሽመናቸውና በንግዳቸው የታወቁት አርጎባዎች በሚኖሩበት በዚህ አገር የሸማ ጥለት ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። ድር በቁመት፣ ማግ በወርድ ይሄዳል፤ ጥለቱ የሚወለደው ከሁለቱ መገናኛ ነው። ሸማኔው ሰያፍ መሥመር መሳብ አይችልም። አንድ ክር ወጣ፣ አንድ ክር ገባ እያለ ደረጃ ይሠራል፤ ዓይን ከርቀት ደረጃውን ሰያፍ አድርጎ ያየዋል። የፒክስል ፊደልም ምሥጢሩ ይኸው ነው። ሸማኔው ግን አንድ ነገር ጠንቅቆ ያውቃል፤ ቆጠራው ከተሳተ ጥለቱ ይበላሻል።

የኢትዮጵያ ፊደል ደግሞ ቆጠራውን ያከብደዋል። የእንግሊዝኛ ጽሑፍ 26 ሆሄያት ይበቁታል። የአማርኛው ገበታ ግን 33 ሆሄያት በ7 ቤት ተባዝተው፣ ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ፣ 231 ይደርሳሉ፤ የአንዱ ቤት ከሌላው መለያም አንዳንድ ጊዜ አንዲት አጭር ጭረት ብቻ ናት። ለምሳሌ «ጠ» ይወሰድ። ሦስት እግር አለው። እያንዳንዱ እግር ሁለት ነጥብ ቢወፍር፣ በእግሮቹ መካከል አንዳንድ ነጥብ ክፍት ቢተው፣ ስምንቱ ነጥብ በሙሉ አለቀ። ለካዕቡ «ጡ» ቅጥያ፣ ለሣልሱ «ጢ» ተረከዝ፣ ለኃምሱ «ጤ» ቀለበት የተረፈ ቦታ የለም። የሁለት ነጥብ ውፍረት ያለው ቀለበት መካከሉ እንዳይደፈን ቢያንስ 5 በ5 ነጥብ ይፈልጋል። በ16 በ16 ሠንጠረዥ ላይ ግን ሒሳቡ ይቃናል፤ ሦስቱ እግሮች 6፣ ሁለቱ ክፍተቶች 4፣ ቀለበቱ 5፣ ከሚቀጥለው ሆሄ መለያ 1፣ ድምሩ 16 ይሆናል።

ጉዳዩ የውበት ብቻ አይደለም። «ጤና ጣቢያ» የሚለው ጽሑፍ ይታሰብ። ቀለበቱ ከተደፈነ «ጤ» «ጢ»ን ይመስላል፤ የ«ጣ» ረጅም የቀኝ እግር ካልተለየ ሆሄው «ጠ» ይሆናል። ማንበብ የለመደው ከተሜ ቃሉን በግምት ሞልቶ ያልፋል። ፊደል ከጎለመሰ በኋላ የቆጠረው የቆላ ገበሬ ወይም አርብቶ አደር ግን አይገምትም፤ እያንዳንዱን ሆሄ እየጠራ ያነባል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሂደት በ15 ቋንቋዎች፣ በዚሁ ፊደል ያስተማረው እንዲህ ያለውን አንባቢ ነበር። እርሱ የተማረው ሆሄ የትም ቢጻፍ ያው መሆኑን ነው። የተደፈነ ቀለበት ይህን እምነት ያፈርስበታል። የታመመ ልጅ አዝሎ ሰሌዳ የሚፈልግ ሰው ሲጠራጠር፣ የሚጠራጠረው በሠዓሊው ሳይሆን በራሱ ንባብ ነው፤ የጥፋቱ ክብደትም እዚህ ላይ ነው።

መኪና ፊደልን ሲያዝ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሲሠሩ ሁሉን ሆሄ በጥቂት ቁልፎች ላይ ማስፈር ስለማይቻል፣ የአናባቢው ምልክት ተለይቶ በሆሄው ላይ እንዲቀጠል ሆነ። መኪናው ለጽሕፈት ቤቶች ታላቅ አገልግሎት ሰጥቷል፤ የሆሄው መልክ ግን ዋጋውን ከፍሏል። እ.ኤ.አ. በ1999 የኢትዮጵያ ፊደል 345 ምልክቶችን ይዞ በዩኒኮድ 3.0 ሲመዘገብ ግን እያንዳንዱ ሆሄ የራሱን ቁጥር አገኘ። ከዚያ ወዲህ «መኪናው አይችልም» የሚለው ምክንያት አብቅቷል። ጉድለት ቢገኝ የነዳፊው ነው።

በመሆኑም ወፍራም የነጥብ ፊደል ለመንደፍ የሚነሣ ወጣት ለባዕድ ሆሄ በተሰፋ ሠንጠረዥ ውስጥ ፊደሉን ማጨቅ አይገባውም። አስቸጋሪውን «ጤ» አስቀድሞ ይሣል፤ ሠንጠረዡን በእርሱ ልክ ይምረጥ። ከዚያም ሥራውን ፀሐይ ላይ አቁሞ፣ ንባብ በቅርቡ የጀመረ ሰው ከመንገድ ማዶ ያስነብብ። ሸማኔም ወርዱን የሚለካው ድሩን ከመወጠሩ በፊት ነው።